ደረቅ ካርቶን

ሞተሩ ሲነሳ ጠረጴዛው ላይ ያለው ፔርሙስ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሳሎን ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። አንዷ የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ያዘች። ማንም ወደ መስኮቱ መዞር አላስፈለገውም፤ ድምፁ ራሱ ገብቶ መሀላቸው ተቀመጠ። ድብ ድብ ድብ ይልና አንዱን ይስታል፣ ደግሞ ድብ ድብ ድብ ይልና አንዱን ይስታል። አንድ እግሩ የታመመ ሰው ደረጃ ሲወጣ እንደዚያ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ከእናቷ አጠገብ ፍራሽ ላይ ነበረች። ድምፁ ጆሮዋ ሲገባ አባቷ የመጣ መሰላት፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ። ከዚያ መቀበሩን አስታወሰች። ቀጥሎ የመኪናው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አስታወሰችና ተነሳች።

"ተቀመጪ" አለች እናቷ ቀሚሷን ይዛ። "ሰው አለ።"

"ሰው ስላለ ነው የምወጣው።"

ግቢው ውስጥ አጎቷ የጭነት መኪናውን ኮፈን ከፍቶ፣ ጥቁር ሸሚዙን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ቆሟል። አጠገቡ አሮጌ መኪና እየገዛ ፈትቶ የሚሸጠው ነጋዴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያዳምጣል። ከማርሚታው የሚወጣው ነጭ ጭስ ለለቀስተኞች በተደረደሩት ወንበሮች መሀል እየተጎተተ ያልፋል። የተቀመጡት ሽማግሌዎች በመሀረብ አፍንጫቸውን ይዘዋል።

"ሰማኸው?" ይላል አጎቷ። "ሞተሩ አልቋል። ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማርና፣ መኪና መንዳት እንጂ መኪና መያዝ አያውቅበትም ነበር። ያለ ዘይት ነው የነዳው።"

እሷ በተከፈተው በር እጇን አስገብታ ቁልፉን አጠፋች። መኪናው አንዴ ተንፈራፍሮ ዝም አለ።

"ጋሼ፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ። የእኔም ወንድም ነው የሞተው።" አጎቷ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ነገ ጠዋት ጎታች ይመጣል። እሱም ሳይሰማው እንዳይገዛ ብዬ ነው።"

"ነገ?"

"ቆሞ ምን ያደርግልናል? እናትሽ ባየችው ቁጥር ታለቅሳለች።"

ጭሱ ፊቷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሽታውን ታውቀዋለች፣ ግን ከየት እንደምታውቀው አልመጣላትም። የነዳጅ ሽታ አይደለም። መሬት ላይ፣ ከሞተሩ ሥር፣ አጎቷ ከማቀዝቀዣ ካርቶን የቆረጠው ሰፊ ቁራጭ ዛሬም ተዘርግቷል። እንደ አዲስ ንጹህ ነው።

*

መኪናው የሁለቱ ወንድማማቾች ነበር። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይጠግናል። አባቷ ግራ እግሩ ከጭነት ላይ ወድቆ ከተሰበረ ወዲህ ፍሪሲዮን መርገጥ አይችልም፤ ስለዚህ ብዙ ፈልገው ያገኙት ይህን አሮጌ አውቶማቲክ ነው። አጎቷ ዕድሜውን ሙሉ በእጅ ማርሽ መኪና ላይ የሠራ መካኒክ ነውና መጀመሪያ ሳቀበት። "ማርሹን ራሱ ይቀይራል፣ መሪውንም ራሱ ከያዘ አንተን ለምን እንቀጥርሃለን?" አባቷም "ጭነቱን ተረክቦ የሚፈርም ያስፈልጋል" ብሎ መለሰለት። በዚያን ጊዜ እንዲህ ይቀላለዱ ነበር።

ኋላ መኪናው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መብራት ላይ ሲቆም ወንበሩ እስኪርገፈገፍ ይንዘፈዘፋል። አጎቷ ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች አወጣ፤ ሁሉም ደህና ናቸው፣ አንዷ ብቻ ጠቁራ ረጥባለች። ቀየራት። ተመልሳ ጠቆረች። ደግሞ ቀየራት። በዚያው ሰሞን የካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ዘይት መጉደል ጀመረ። አባቷ ከወንድሙ ጋራዥ ጣሳ ይወስዳል፣ ይጨምራል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ጣሳ ሊወስድ ይመጣል።

"ይፈስ ይሆናል" አለ አባቷ።

"የሚፈስ ከሆነ ያንጠባጥባል" አለ አጎቷ፣ ካርቶኑንም ያን ቀን ቆርጦ ከመኪናው ሥር አነጠፈ።

ጠዋት ሲመጣ ካርቶኑ ደረቅ ነበር። በማግስቱም ደረቅ ነበር። አጎቷ ካርቶኑን እንደ ራጅ ወደ ብርሃን እያነሳ ለጋራዡ ሠራተኞች አሳየ። "አንድ ጠብታ የላትም። ታዲያ ዘይቱ ክንፍ አወጣ? ወይስ ገበያ ሄደ?"

ሠራተኞቹ ሳቁ። አባቷ ጆሮው ድረስ ቀላ። "እኔ ጨምሬያለሁ" ብቻ አለ፤ እያነከሰም ወጣ። ከዚያ ወዲያ ወንድማማቾቹ የሚነጋገሩት በሰው በኩል ሆነ። "ዘይት ይሸጣል" የሚለው ወሬ ግን ሰው መካከል ገብቶ በራሱ እግር መሄድ ጀመረ።

*

ብርጭቆ ልትቀይር ወደ ማድቤት ስትገባ፣ ሁለት ጎረቤቶች ጀርባቸውን ሰጥተዋት ያወሩ ነበር።

"ወንድሙ እኮ ዝም ብሎ ነው የኖረው። ሌላ ቢሆን ይከሰው ነበር።"

"ለምን ይሆን? ትንሽ ልጅ የለበት፣ መጠጥ የለበት።"

"ሰው ምኑ ይታወቃል፣ የኔ እህት።"

ልብስ ሰፊዋ የብርጭቆውን ትሪ ድንጋይ ላይ እንደሚጥል ሰው አስቀመጠችው። ሴቶቹ ዘወር አሉ። አንዷ "ያጽናሽ፣ የኔ ልጅ" አለች ቶሎ ብላ።

"በምኑ?" አለቻት። "አባቴ በመሞቱ ነው ወይስ በምታወሩት?"

ወጡ። እናቷ በሌላው በር ገብታ ሰምታ ኖሮ ብርጭቆ ማለቅለቅ ጀመረች።

"እማዬ። አንቺስ አምነሻቸው ነበር?"

"ካርቶኑ ደረቅ ነበር።"

"እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።"

እናቷ ውሃውን ዘጋች። "ምን ላድርግ? አንዱ ባሌ ነው፣ አንዱ የባሌ ወንድም። መሬቱ ደረቅ ነው። አንድ ማታ 'እውነቱን ንገረኝ፣ እኔ ምንም አልልህም' አልኩት።"

"ምን አለሽ?"

"ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ ወዲህ ወደ እኔ ዞሮ አልተኛም።"

ልጅቷ አፏን ከከፈተች የሚወጣው ጩኸት እንደሚሆን ስላወቀች በጓሮ በር ወጣች።

ከቤቱ ጀርባ፣ በግንቡ ሥር፣ ባዶ የዘይት ጣሳዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድረዋል። አባቷ አንዱንም አልጣለም። ማስረጃ ነው ብሎ ነው። አጎቷ ይህንንም ሲሰማ "ባዶ ጣሳማ የእኔ ጋራዥ ቆሻሻ ውስጥም ሞልቷል" ብሎ ነበር። የመጀመሪያውን ጣሳ በእግሯ መታችው፤ እየተንኳኳ ሄዶ ግንቡ ሥር ቆመ።

የተናደደችው በአጎቷ ብቻ አልነበረም። በእሱም ነው፣ በሟቹ። ለምን አልጮህክም? ጠረጴዛ ለምን አልመታህም? ጣሳ መደርደር መልስ ነው?

ጣሳውን ልትመልሰው ጎንበስ ብላ ስታነሳው ክዳኑ ተፈታና ሽታው ወጣ። ቀጥ ብላ ቆመች። የጭሱ ሽታ ነው። የአባቷ እጅጌ ሽታም ነው፤ ሸሚዙን ስታጥብ፣ ኮሌታውን ስትገለብጥ የኖረችው። አሁን ግቢ ውስጥ ለለቀስተኛው የታጠነው ነጭ ጭስ ያው ሽታ ነው።

እንግዲያስ ዘይቱ እየተቃጠለ ነው።

*

ከግቢው ጥግ ጡረተኛው ጎረቤት ብቻውን ተቀምጧል። ጆሮው ስለማይሰማ ሰው ሁሉ ሰላም ብሎት ያልፋል። እሷ አጠገቡ ወንበር ሳበችና ጆሮው ላይ ተደፍታ "አባባ፣ አባቴ ዘይት ሲጨምር አይተውት ያውቃሉ?" አለችው።

"ሁልጊዜ!" ድምፁን መቆጣጠር ስለማይችል ግቢው በሙሉ ዞረ። "'ኑ ይዩልኝ' እያለ ይጠራኝ ነበር። አይቻለሁ። ለአጎትሽም ሄጄ ነገርኩት፤ 'እርስዎ እኮ አይሰሙም' አለኝ። ያየሁትን በጆሮዬ ነው እንዴ ያየሁት?"

አንዳንዶች አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። አጎቷ ከወዲያ አንገቱን ደፋ።

"ሌላስ ምን ይልዎት ነበር?"

"ጭሱን ነው የሚለኝ። 'ዳገት ላይ ሲጎትት ንጹህ ነው፤ ቁልቁለት ላይ እግሬን ሳነሳ ግን ጉም ይለቃል' ይለኝ ነበር። 'ያለቀ ሞተር ተጨንቆ ሲሠራ ነው የሚያጨሰው፣ ይሄ ሲያርፍ ነው የሚያጨሰው' እያለ ይገረማል። ለወንድሙ ንገረው አልኩት። 'ከእንግዲህ ለእሱ አፌን አልከፍትም' አለኝ። ግትር ነበር አባትሽ። ሁለቱም ናቸው።"

በዚህ መሀል በመንገድ ዳር ብርቱካን የምትሸጥ ሴት ለቅሶ ልትደርስ ገባች። የልብስ ሰፊዋ አባት የሞተው ከእሷ መደብ ፊት ለፊት ነው። ደረቱን ሲይዘው መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ፣ የማርሹን ዘንግ ማቆሚያው ላይ አድርጎ፣ አደጋ መብራቱን አብርቶ ነበር። ሞተሩን ለማጥፋት ብቻ አልደረሰም።

ሴትየዋ የልጅቷ እናት ፊት ቁጢጥ ብላ ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነው። "ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት። 'ደህና ዋልክ' አልኩት። ነቀነቀልኝ። ሁለተኛም አልኩት። ነቀነቀልኝ። ደህና መስሎኝ እኮ ነው። ብርቱካኔን ስመርጥ ዋልኩ።"

እናቷ ጮኸች። ልብስ ሰፊዋ አልጮኸችም። የሞተውን ሰው ያ ሞተር ከተቀመጠበት ሲያነቃንቀው፣ ሰላምታ ሲያስመልሰው ታያት።

*

ጠዋት ለለቀስተኛ ውሃ ሳይጣድ በፊት ካርቶኑ ላይ በጀርባዋ ተኝታ መኪናው ሥር ገባች።

መካኒክ አይደለችም። ልብስ ስፌት ማሽን ላይ ክር ሲበጠስባት ግን መጀመሪያ የምታየው ማሽኑን አይደለም፤ ክሩ ከጥቅሉ ተነስቶ እስከ መርፌው የሄደበትን መንገድ ነው። ዘይቱም መንገድ አለው። ከካምቢዮው ይነሳል፣ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል። በመሀሉ የሚያልፍበት አንድ ነገር መኖር አለበት።

ከካምቢዮው የሚወጡትን ነገሮች አንድ በአንድ በጣቷ ተከተለች። ሁለት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ወደ ራዲያተሩ ይሄዳሉ። ከሥር ወጥታ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተች፤ ውሃው ንጹህ ነው፣ የዘይት ዓይን እንኳ የለበትም። ተመልሳ ገባች። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ። ወደ ማርሽ መቀየሪያው የሚሄደው ብረት። ከዚያ፣ ከካምቢዮው ጎን፣ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የምታክል ክብ ነገር አየች። ከእሷ አንድ ትንሽ የጎማ ቱቦ ትነሳለች፤ እንደ ትንሿ ጣት ቀጭን።

ቱቦዋን ወደ ላይ ተከተለቻት። ከሥር እስከቻለችው፣ ከዚያ ወጥታ ከኮፈኑ በኩል። መጨረሻዋ ሞተሩ አየር የሚስብበት ክፍል ላይ ነው። ከመግቢያዋ አጠገብ ያለችው ካንዴላ ያችው፣ ሁልጊዜ የምትጠቁረው ናት።

ቱቦዋን በሁለት ጣቷ ጠምዝዛ ነቀለቻት። የካምቢዮው ቀይ ዘይት በእጇ አንጓ ላይ ፈሰሰ።

ስትነሳ እንግዶች ግቢው በር ላይ ደርሰው ቆመዋል። ጥቁር ልብሷ ጀርባው አቧራ ነው። "ይህቺ ልጅ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ" አለ አንድ ድምፅ። ከኋላቸው ጎታቹ መኪና እየጮኸ ወደ ኋላ ይገባል፤ አጎቷና ነጋዴው ይመሩታል።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አለ አጎቷ።

"ጋሼ፣ በዚህ ቱቦ ውስጥ ምን ነው የሚሄደው?"

"አየር ነው። ሞተሩ አየሩን ሲስብ ካምቢዮው በዚያ ይሰማዋል፣ ማርሽ መቼ እንደሚቀይር በዚያ ያውቃል። ምነው?"

"አየር ብቻ?"

"አየር ብቻ።"

እጁን ይዛ መዳፉን ገለበጠችና የቱቦዋን ጫፍ ጨመቀችበት።

አጎቷ መዳፉን አየ። አሸተተው። ክቧን ቆርቆሮ ለማየት ጎንበስ አለ፣ ግን ማየት እንደማያስፈልገው ገብቶት መሀል ላይ ቆመ። ለመካኒክ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ውስጧ ስስ ላስቲክ አለ" አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። "እሱ ሲቀደድ..."

"ሞተሩ ዘይቱን ይጠጣዋል።"

"በእጅ ማርሽ መኪና ካምቢዮና ሞተር አይገናኙም። እኔ በሠራሁት ሁሉ አይገናኙም። እንዴት ብዬ..."

"ጠይቀህ ነበር?" አለች። ከተወለደች ጀምሮ እርስዎ ስትለው የኖረችውን ሰው አንተ አለችው። እናቷ ከበረንዳው "አንቺ!" ብላ ገሠጸቻት። ዞር አላለችም። "ቁልቁለት ላይ ነው የሚያጨሰው ሲል ሰምተኸው ነበር? ካርቶን ከምታነጥፍለት ቱቦ አንድ ጊዜ ብትነቅል ምን ነበረበት?"

"ልጄ፣ እንግባና ውስጥ እንነጋገር።"

"ውስጥ አይደለም የሰደብከው። ሰው ፊት ነው። አሁንም ሰው አለ፤ ንገራቸው።"

ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገ። "ታዲያ ሞተሩ አልሞተማ" አለ። የጎታቹንም ሹፌር በእጁ ምልክት አስቆመው።

አጎቷ የረጠበ መዳፉን የት እንደሚያደርገው አጣ። "ዘይቱን..." አለ። "ዘይቱን ይጨምር ነበር።"

"አባባ አልሰሙም" አለች ልጅቷ።

"እህቶቼና ወንድሞቼ" አለ አጎቷ ጮክ ብሎ፣ ወደ መሬት እያየ። "ወንድሜ ዘይት አልሸጠም። እኔ ነኝ ያላወቅኩት።"

ጡረተኛው ራሱን ነቀነቀ። ማድቤት ያወሩት ሁለቱ ሴቶች ወደ ጫማቸው ያያሉ። እናቷ በረንዳው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ የተቀመጠችው ወንበር ላይ አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ የሚቀልላት መስሏት ነበር። አልቀለላትም። ይህን መስማት የነበረበት ሰው አልሰማውም። ካርቶኑን ከመኪናው ሥር ጎትታ አወጣች፤ ቀይ ጣቶቿን አራቱንም ንጹሁ ላይ ጠረገችና አጎቷ ደረት ላይ አስጠጋችው። "ያዘው።"

ያዘው።

"ከፈለግህ ሽጠው" አለች። "ግን እየተንዘፈዘፈ አይወጣም ከዚህ ቤት።"

አጎቷ ካርቶኑን ወንበር ላይ አስቀምጦ ኮፈኑ ላይ ጎነበሰ። ያችን ካንዴላ ፈታ። ጨርቅ አልፈለገም፤ በጥቁር ሸሚዙ ጫፍ እስክታበራ ጠረጋት። መልሶ አሰራት። ቱቦዋ የነበረችበትን ቀዳዳ በብሎንና በጎማ ቁራጭ ደፈነው። ብሎኑ ሁለቴ ወደቀበት፤ እያየችው ነበር፣ አላነሳችለትም።

"ለመንዳት አይሆንም፣ ማርሹ ይደናበራል" አለ። "ለማዳመጥ ግን ይሆናል። አስነሺው።"

ቁልፉን አዞረች። መጀመሪያ ማርሚታው ውስጥ የቀረው ጭስ ወጣ፤ ሞተሩ አንድ ሁለቴ ሳለ። ከዚያ ጭሱ ሳሳ፣ ጠፋ። ድምፁም አንዱንም ሳይስት እኩል፣ እኩል፣ እኩል ሆነ። ወደ በረንዳው የወጣው ፔርሙስ አልተንቀሳቀሰም። አጎቷ ግንባሩን የኮፈኑ ጠርዝ ላይ አስደግፎ ትከሻው ይርገበገባል።

እሷ ከመኪናው አልወረደችም፤ የሹፌሩ ወንበር ላይም አልተቀመጠችም። የመኪናው መወጣጫ ላይ ቆማ መዳፏን አባቷ ራሱን ያስደግፍበት በነበረው፣ በጎደጎደው የወንበሩ ጀርባ ላይ አሳረፈች። ጠበቀች። ወንበሩ አልተነቃነቀም። እጇን አላነሳችም።